ወደ ጣና ዳር የመጣች ኤሊ አገሩን እንድትለምድ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በባሕር ዳር ከተማ ሰፊ ግቢ ካላቸው ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ ከማንጎው ጥላ በታች ኤሊ ማኖር ይወዳሉ። ኤሊ አትጮኽም፤ አጥር ዘልላ የጎረቤት ጎመን አትበላም፤ ለልጆች መደሰቻ፣ ለእንግዳም የጨዋታ መነሻ ትሆናለች። ስለዚህ እርስዋን ማኖር ከዶሮ እንኳ የቀለለ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ለኤሊ የሞትዋ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ዝምታዋ ነው። በቅሎ ብትታመም ገብስዋን ትተዋለች፤ ውሻም ቢታመም ያላዝናል፤ ኤሊ ግን ሕመሙ ከውስጥ ሲበላት ሳለ እንደ ጤነኛ እግርዋን ሰብስባ ሁለትና ሦስት ወር ትቀመጣለች። ባለቤቱም «ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት» እያለ ሰንብቶ አንድ ቀን ቢያነሣት ሞታ ያገኛታል። ይህ ጥፋት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ አዲስ በመጣችባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ነውና፣ ስለ እነዚያ ሳምንቶች አስፍቶ መናገር ይገባል።

የውጭ አገር ሰዎች አብልጠው የሚመኙት ባለ ኮከብ የሚባለውን ኤሊ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ስሪ ላንካ ነው። በጥቁሩ ቅርፊት ላይ ከየጉብታው ጫፍ ብጫ ጨረር ተዘርግቶ ሲታይ በሌሊት ሰማይ ላይ የተዘራ ኮከብ ይመስላል። የእኛ አገር በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ የዚህ ዘመድ የሆነ ኤሊ አለው፤ ቅርፊቱ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ ነው። ቶማስ ቤል የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ በ1828 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነብር ስም የሰየመው ስለዚህ ነው። የሕንዱ ኤሊ ከአንድ ስንዝር ተኩል ብዙ አያልፍም፤ ነብርማው ግን ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሌላም ሦስተኛ ወገን በአገራችን በረሃ ይገኛል፤ ይኸውም ጭኑ ላይ እሾህ የመሰለ ቅርፊት ያለው ትልቁ ኤሊ ነው። ይህኛው ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ሊያወጣ ይችላል፤ ጕድጓድም እንደ ከርከሮ ይቈፍራል። የቤቱን መሠረት የሚወድ ሰው ይህን በከተማ ግቢ ባያኖር ይሻለዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ኤሊዋ ከወዴት እንደ መጣች መጠየቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ. ም. መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ስለ ብርቅ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ውል በ1981 ዓ. ም. ተቀብላለች። በዚሁ ውል ባለ ኮከቡ ኤሊ በ2011 ዓ. ም. ነሐሴ በጄኔቭ በተደረገው ጉባኤ ንግዱ ፈጽሞ ከተከለከለባቸው እንስሳት ተራ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ከሕንድ ያመጣሁት ነው» ብሎ ቢያቀርብ የዋጋው ነገር ከመነሣቱ በፊት ወረቀቱ ይጠየቅ። ከመንገድ ዳር የተገኘችውን ኤሊ አዝኖ ያነሣ ሰውም ቢሆን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለ ሥልጣን ሳያስታውቅ ማስቀረት አይገባውም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አጠገብ፣ «እንስሳ ኮቴ» የተባለው ማገገሚያ ከሕገ ወጥ ይዞታ የዳኑትን የዱር እንስሳት የሚቀበልበት ስፍራ ነው።

በርኅራኄ የሚደረግ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። ኤሊዋ ያሰለቸችው ሰው «ወደ ውሃዋ ትመለስ» ብሎ ወደ ጣና ይጥላታል። ይህ ነጻ ማውጣት ሳይሆን መግደል ነው። የውሃ ኤሊ እግሩ የተንጣለለ፣ ጣቱም በስስ ቆዳ የተያያዘ ነው፤ የየብስ ኤሊ እግርዋ ግን እንደ ዝሆን እግር ድቡልቡል ነውና መዋኘት አትችልም። ቅርፊትዋም ከባድ ስለ ሆነ ትሰጥማለች። ወደ ዘጌ ጫካ ወስዶ መልቀቅም አይበጅም፤ ጫካው ጥላና እርጥበት የበዛበት ስለ ሆነ ለቆላ እንስሳ ባዕድ አገር ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ ከተማ ነው። ቀኑ የለዘበ፣ ፀሐዩም ብሩህ ስለ ሆነ ለሰው ጤና የተመቸ ነው፤ ለኤሊ ግን ሁለት ጊዜ ያስፈራል። አንደኛው በታኅሣሥና በጥር ያለው ሌሊት ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሁለተኛውና የሚብሰው ክረምቱ ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ለብዙ ቀን ትሠወራለች። በዚህ ላይ አንድ አንባቢ «በሕንድም ክረምት አለ፣ ባለ ኮከቡ ኤሊ በዝናብ ጊዜ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል ይባላል፤ እንግዲህ ዝናቡ ምን ይጐዳዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሕንድ ዝናብ ሙቅ ነው፣ የጣና ዳር ዝናብ ግን ቀዝቃዛ ነው የሚል ነው። ኤሊ ከራስዋ ሙቀት የላትም፤ የምታገኘው ከፀሐይና ከመሬት ብቻ ነው። ደረቅ ብርድ ብቻውን ሲሆን ትታገሠዋለች፤ እርጥበትም ከሙቀት ጋር ሲሆን ይስማማታል፤ ብርድና እርጥበት ባንድነት ሲመጡባት ግን ሳንባዋ ይታመማል። የበላችውም ሣር በሆድዋ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፤ ይኸውም የሚፈጨው በሙቀት ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ ኤሊዋ በደረሰችበት ዕለት ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ከሣጥንዋ እንደ ወጣች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትቀመጥ፤ ውሃው አገጭዋን አይለፍ፤ ሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ የበለጠ ይበቃል። በመንገድ የመጣች ኤሊ ከረኃብ ይልቅ ጥማት ያደክማታል። ብዙ ጊዜ በውሃው ውስጥ ራስዋን ዝቅ አድርጋ ረጅም ጊዜ ትጠጣለች፤ በፊኛዋ ያጠራቀመችውንም ነጭ ዝቃጭ ታስወጣለች፤ ይህ መልካም ምልክት ነውና አያስደንግጥ። ከዚያ በኋላ ደርቃ፣ ጸጥ ወዳለና ወደ ሞቀ ስፍራ ትግባ። በዚያች ዕለት ምግብ ባትበላ፣ በሳምንትዋም ባትበላ አስገድዶ ማጉረስ አይገባም። ልጆችም በየሰዓቱ እያነሡ ለእንግዳ ማሳየታቸውን ይተዉ። ከመሬት መነሣት ለኤሊ አሞራ እንደ ነጠቃት ያህል ነው፤ በፍርሃትም ያጠራቀመችውን ውሃ ትሸናለች፤ በበጋ ጊዜ ይህን ውሃ መልሶ ማግኘት ይከብዳታል።

በግቢው ውስጥ ሌላ ኤሊ ካለ አዲስዋ ቢያንስ ለሦስት ወር ከእርስዋ ተለይታ ትኑር፤ ዕቃዋም ይለይ፤ የሚመግባትም ሰው ከአንዷ ወደ ሁለተኛዋ ሲሄድ እጁን ይታጠብ። ከተለያየ አገር የመጡ ኤሊዎችን ግን ሦስት ወር ቢያልፍም ባይቀላቅሉ ይሻላል፤ አንዱ የለመደው በሽታ ሌላውን ይገድላልና። ስለ መዥገርም አጥብቆ መመርመር ያስፈልጋል። መዥገር በአንገትዋ ሥር፣ በጭንዋ እጥፋት፣ በጅራትዋም ዙሪያ ይጣበቃል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚቈጥር ከብት ያለው ሰው ቢኖር፣ አሜሪካኖች በ1992 ዓ. ም. ነብርማውንና ባለ እሾህ ጭኑን ኤሊ ወደ አገራቸው እንዳይገባ የከለከሉት በዚሁ መዥገር ምክንያት መሆኑን ይወቅ። መዥገሩ በከብት ልብ ዙሪያ ውሃ የሚያቋጥረውን ገዳይ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነው። መዥገሩ በጉጠት ከሥሩ ተይዞ ቀስ ብሎ ይነቀል፤ ጋዝ ወይም የከብት መድኃኒት በቆዳዋ ላይ መቀባት አይገባም።

ከዚሁ ጋር ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ለበግና ለከብት የሆድ ትልና መዥገር በየገጠሩ የሚወጋ ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው፤ ይህም ከ1983 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥናት የታወቀ ነው። የተወጋች ኤሊ እግርዋ ይሽመደመዳል፤ ትንፋሽዋም ይቆማል። የእንስሳት ሐኪም ባስጠራችሁ ጊዜ ሐኪሙ ደግ ሰው ቢሆንም ኤሊ አክሞ የማያውቅ ሊሆን ይችላልና ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ጐንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው በባሕር ዳር ላለ ሰው ምክር የሚጠየቅበት ስፍራ ሩቅ አይደለም።

ወደ መኖሪያዋ እንመለስ። በጣና ዙሪያ ብዙው መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ይይዛል፣ በጋም ይሰነጠቃል። የኤሊ ስፍራ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ መሠራት የለበትም፤ ቀይ አፈር ባለበት ጉብታ ላይ ይሁን፤ ጉብታ ከሌለ አሸዋና ጠጠር አፍስሶ ክንድ ያህል ከፍ ማድረግ ነው። አጥሩ ከድንጋይ ወይም ከጣውላ ይሠራ፤ ከሽቦ አይሁን። ኤሊ ውጭውን ካየች መንገድ ያለ እየመሰላት ቀኑን ሙሉ አፍንጫዋን በሽቦው ላይ ስትፈትግ ትውላለች። ከአጥሩ ውስጥ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች ፀሐይ በሚያርፍበት ስፍራ ይቀመጡ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ይህ የአገራችን ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ምሽት ያቈያል። በአንድ በኩል ጥላ፣ በአንድ በኩል ፀሐይ መኖሩ ግድ ነው፤ ሙቀትን ሽታ ሄዳ፣ ሲበዛባትም ሸሽታ እንድትገባ ምርጫው የእርስዋ ይሁን። ማደሪያዋ ደግሞ ዝቅተኛ ጎጆ ይሁን፤ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ፣ ጣሪያውም በሣር ተከድኖ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ወለሉ በደረቅ ጭድ ይነጠፍ።

ፀሐይ ከሙቀትዋ ሌላ አንድ ሥራ አላት። የቅርፊትዋ አጥንት እንዲጠነክር የሚያደርገውን ቪታሚን ዴ በቆዳዋ ውስጥ የምታበጀው የፀሐይ ጨረር በላይዋ ሲያርፍ ነው። ይህ ጨረር በመስታወት አያልፍም። ስለዚህ ኤሊዋን በሳሎን መስኮት ሥር አስቀምጦ «ፀሐይ ታገኛለች» ማለት ራስን ማታለል ነው። ቅርፊትዋ እንደ ረጠበ ቆዳ ሲለሰልስ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ክረምት ሲገባ ጥረቱ እጥፍ ይሆናል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይወርድባት፣ ባለ ኮከቡ ኤሊ ከሆነም ከ20 ብዙ እንዳይርቅ፣ ወደ ቤት ማስገባት ያሻል። የኤሌክትሪክ አምፑል ከላይዋ ቢሰቀል ያሞቃታል፤ ሆኖም መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ይኖራል። በዚያን ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ በዝግ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ እርስዋንም የቤቱንም ሰው ይገድላልና ፈጽሞ አይደረግ። የሚሻለው ዘዴ ፍል ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በጎንዋ ማኖር ነው፤ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቈያል። በነሐሴ መካከል ለሁለት ሰዓት ብቻ ፀሐይ ብትወጣ፣ የቢሮውም ጉዳይ ቢሆን ጥቂት ቆይቶ፣ ኤሊዋን ወደ ውጭ ማውጣት ተገቢ ነው።

ስለ ምግብዋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከደግነት ነው። ከገበታ የተረፈውን እንጀራ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ የምስር ወጥ ይሰጣታል፤ እርስዋም ትበላለች። መብላትዋ ግን ይስማማታል ማለት አይደለም። በዱር የምትበላው ሣርና መራራ ቅጠል ስለ ሆነ ሆድዋ ጥራጥሬና እህል አይፈጭም። ሰርዶ ዋና ምግብዋ ይሁን፤ ትኩሱም ደረቁም ይጠቅማታል። በለስ፣ ማለት የባሕር ቁልቋል የምንለው፣ እሾሁ ተላጦ ቅጠሉ ቢሰጣት እጅግ ትወደዋለች። ነገር ግን ሠራተኛው በስሙ ተሳስቶ ነጭ ወተት የሚያወጣውን የአገሩን ቁልቋል እንዳይቈርጥላት ይጠበቅ፤ ያ ወተት አፍዋንና ዓይንዋን ያቃጥላል። ጎመንና ቆስጣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በየቀኑ አይሰጥ፤ በተለይ ቆስጣው በውስጡ ያለው አሲድ የአጥንትዋን ካልሲየም ይይዝባታል። ማንጎና ሙዝ ለልጅ የሚሰጠው ከረሜላ ያህል ብቻ ይሁን። ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎ በግቢው ውስጥ በቅለው እንደ ሆነ ይነቀሉ። ከ2004 ዓ. ም. ወዲህ በጣና ላይ ብዙ ሰው ያሳዘነው እምቦጭም «ለከብት ከሆነ ለኤሊም ይሆናል» ተብሎ እንዳይሰጣት፤ የሚያሳክክ ጨው ከመያዙ በላይ ከከተማ ፍሳሽ የሚመጣውን መርዝ ይመጣል።

አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። ነብርማው ኤሊ በዱር ሳለ አሮጌ አጥንት ሲያገኝ ይፍቃል፤ የጅብ ኩስም ይበላል። ጅብ አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ነጭ ኖራ ይሆናልና፣ ኤሊዋ የምትፈልገው ያንን ኖራ ነው። በከተማ ላለች ኤሊ ደግሞ በደንብ የተቀቀለና የደረቀ የከብት አጥንት ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጓሮዋ ቢቀመጥላት ይበቃል።

ጠላቶችዋ ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቤት ውሻ ነው፤ ከእርስዋ ጋር አብሮ ያደገው እንኳ አንድ ቀን እንደ አጥንት ቈጥሮ ያኝካታል። በሐይቁ ዳር ያለው አርጃኖ ጫጩቶችን ይውጣል፤ ቁራም ይወጋል። ስለዚህ ትናንሾቹ ከላይ በወንፊት ሽቦ ይከደኑ። ሰው ራሱ ደግሞ ቅርፊትዋን በቀለም እየቀባ፣ ሌላውም በጠርዙ ቀዳዳ በስቶ በገመድ እያሰረ ያሠቃያታል። ቅርፊት ልብስ አይደለም፤ ባላገር በተረቱ «ድንጋይ ልብሱ» ቢላትም በውስጡ ደምና ሕዋስ ያለበት አጥንት ነው።

ልጆች ከዳሰሷት በኋላ በሳሙና ይታጠቡ፤ አፍዋንም አይሳሙ። ኤሊዎች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ ይዘው ይኖራሉ። አሜሪካኖች ትናንሽ ኤሊዎች እንዳይሸጡ በ1967 ዓ. ም. የከለከሉት በዚህ በሽታ ብዙ ሕፃናት ስለ ታመሙ ነው። በዚያው ላይ ለልጁ የሚስማማ ሥራ አለ፤ ይኸውም በየሳምንቱ ቅዳሜ ኤሊዋን በኩሽና ሚዛን መዝኖ በደብተር መጻፍ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደትዋ ከወረደ፣ ምንም ጤነኛ ብትመስል፣ ያን ጊዜ ሐኪም ይጠራ። ከአፍንጫዋ አረፋ ቢወጣ፣ አንገትዋን አስረዝማ አፍዋን ከፍታ ብትተነፍስ፣ ዓይንዋ ቢያብጥ ደግሞ ሚዛን መጠበቅ አያስፈልግም።

በመልካም የተያዘች ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለች። ጆናታን የተባለው ትልቅ ኤሊ በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት ሲወሰድ አካሉ የጠና ነበር፤ ያስመጡት ሰዎች ግን ሁሉም ከእርሱ አስቀድመው አለፉ። ዛሬ ኤሊ የሚገዛ አባት ከልጆቹ መካከል ኋላ ማን እንደሚረከባት ቢያስብበት መልካም ነው፤ ሹመቱ ከባሕር ዳር ወደ ሌላ አገር ቢለወጥ ለማን እንደሚተዋትም እንደዚሁ።

ሴትዋ ከወንዱ የምትለየው የሆድ ቅርፊትዋ ለጥ ያለ፣ ጅራትዋም አጭር በመሆኑ ነው፤ የወንዱ ሆድ ጐድጐድ ያለ ነው። ሁለቱ አብረው ቢኖሩና ዕድሜዋ ቢደርስ፣ በኋላ እግርዋ ጕድጓድ ትቈፍራለች፤ አፈሩንም በፊኛዋ ውሃ አርጥባ እንቁላልዋን ትጥላለች፤ ነብርማዋ እስከ 30 የምትጥልበት ጊዜ አለ። ሰው ቈፍሮ ቢያወጣው እንቁላሉን መገልበጥ የለበትም፤ በላይ የነበረው ጎን በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት በነበረበት አኳኋን ይቀመጥ። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአፈሩ ሙቀት ነው። እስኪፈለፈልም አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላልና፣ አትክልተኛው ረስቶ እንዳይቈፍረው በቦታው ላይ ድንጋይ ይተከል።